ለባሕር እንስሳት ፓርክ ውሎ ምን እንያዝ?

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ቤተሰቡን ይዘን በመኪና ወደ ባሕር እንስሳት ፓርክ ልንሄድ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ወንዱ 9፣ ሴቷ 4 ዓመቷ ነው። አማቴም አብረውን ይሄዳሉ፤ ስኳር አለባቸው፣ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት እዚያው እንውላለን። ኦርካ የሚባለው ግዙፍ የባሕር እንስሳና ዶልፊን የሚያሳዩት ትርኢት፣ የፔንግዊን ቤት፣ ስቲንግሬይ የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ በእጅ የሚነካበት ገንዳም አለው። እኔ ሁለት ትልልቅ ቦርሳ ሞልቻለሁ። ባለቤቴ ደግሞ «ስልክና ትኬት ይበቃል» ይላል። እባክዎ ይገላግሉን፤ ምን እንያዝ?

ምላሽ፦

እህቴ፣ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ፤ እንዲያ ይቀለኛል። ባለቤትሽ ተሳስቷል። አንቺም ተሳስተሻል። ከሁለታችሁ ግን የእሱ ስህተት ይሻላል፤ ቢያንስ ትከሻ አያጎብጥም።

እንዲህ ባለ ፓርክ ለዓመታት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ በር ላይ ቦርሳ ፈታሽ ነበርኩ፤ ኋላ ገንዳ ዳር እንግዳ አስተናጋጅ ሆንኩ። ስለዚህ ሰው ጠዋት ምን ይዞ እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ማታ ምን መስሎ እንደሚወጣም አውቃለሁ። ሁለት ሻንጣ እየጎተተ የገባ ቤተሰብ፣ ማታ ሲወጣ የልጁ ጫማ በየእርምጃው ውሃ ሲተፋ ስንቴ እንዳየሁ አልቆጠርኩትም። ቦርሳው ውስጥ ሁሉ ነገር አለ። ደረቅ ካልሲ ብቻ የለም።

እኔ ለእንዲህ ዓይነት ቀን ስሰናዳ እያንዳንዱን ዕቃ አንስቼ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ውሃ ቢነካው ምን ይሆናል? ውሃ ውስጥ ቢወድቅስ ምን ያደርሳል? የመጀመሪያው ጥያቄ ለእናንተ ነው። ሁለተኛው ለእንስሳቱ። ሁለቱን ያላለፈ ዕቃ ቤት ይቀመጣል።

ከውሃው ልጀምር። በትርኢቱ ቦታ ፊተኞቹ ረድፎች ብዙ ጊዜ በቀለም ይለያሉ፤ እዚያ የተቀመጠ እንደሚረጥብም ተጽፏል። ሰው ይህን ሲያነብ ፊቱ ላይ ጠብ ጠብ የሚል ይመስለዋል። የጎለመሰ ወንድ ኦርካ ከ5 ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል። ያ ሁሉ ክብደት ዘሎ በጎኑ ሲወድቅ ውሃው እንደ ግድግዳ ተነሥቶ ነው የሚመጣው። አንዳንዴ ደግሞ እንስሳው በጅራቱ እየቀዘፈ ሆን ብሎ ያለብሳችኋል። በባልዲ የተደፋባችሁ ያህል ነው፤ ያውም ከፊት ለፊት።

ውሃው ደግሞ የቧንቧ ውሃ አይደለም። ጨዋማ ነው። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ይይዛል፤ የገንዳውም ውሃ ወደዚያው የተጠጋ ነው። ቀዝቃዛም ነው፤ ኦርካ ብርድ የሚስማማው እንስሳ ነው። ልጆች መጀመሪያ ላይ ይጮኻሉ፣ ይስቃሉ፣ «ድገመው» ይላሉ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከንፈራቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

ስለዚህ ጂንስ ይቅር። አንዴ ከረጠበ ማታም አይደርቅልሽም። ጨዉ ሲደርቅበት እንደ ካርቶን ይገትራል፤ የልጅ ጭን ይልጣል። አንዲት የትንሿ ልጅሽ እኩያ የምትሆን ልጅ እግሯን ከፍታ እያነከሰች ወደ መውጫው ስትሄድ አስታውሳለሁ። እናቷ ወድቃ የተጎዳች መስሏት እግሯን ታገላብጣለች። ሲታይ ሁለቱም ጭኖቿ ቀልተዋል። ጥፋተኛው ሱሪው ነበር። ቶሎ የሚደርቅ፣ ስስ የስፖርት ቁምጣና ቲሸርት አልብሺያቸው።

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሙሉ ቅያሪ ያዢ፤ ከውስጥ ሱሪ እስከ ካልሲ። ለአዋቂ ቲሸርትና ካልሲ ይበቃል። የእያንዳንዱን ልብስ ለየብቻ ዚፕ ባለው ላስቲክ ውስጥ አድርጊው። ደረቁ ሲወጣ እርጥቡ በዚያው ይገባል። በአንድ ፌስታል የሁሉንም ካጨቅሽ ግን የልጅሽን ካልሲ ስትፈልጊ የሁሉም ልብስ ይረጥባል። ፎጣ አራት አያስፈልግም። አንድ ስስ ፎጣ ለፀጉርና ለፊት በቂ ነው። ትልቁ የመታጠቢያ ፎጣ አንዴ ውሃ ከጠጣ እሱን መሸከም ሌላ ልጅ እንደ መሸከም ነው።

ስለዚያ ስስ የላስቲክ ዝናብ ልብስ ሁሉም ይጠይቀኛል። እሱ የተሠራው ከላይ ለሚወርድ ውሃ ነው። የኦርካ ውሃ ከፊት ይመጣል፣ በአንገት ይገባል፣ ጫማ ይሞላል። ካለሽ ያዢው፤ ግን ለራስሽ ሳይሆን ለቦርሳሽ አልብሺው። ቦርሳ ደግሞ መሬት አይቀመጥም። መቀመጫው ደረጃ በደረጃ ስለሆነ ከላይ የፈሰሰው ውሃ ሁሉ ወደ ታችኛው ረድፍ ይወርዳል። ከላይ ሸፍነሽው ከሥር ሲጠጣ ታገኚዋለሽ። ጉልበትሽ ላይ ያዢው።

ጫማ፦ ከኋላ የሚታሰር ሳንዳል ለልጆቹም ለእናንተም። ሲሊፐር በእርጥብ ወለል ላይ ያንሸራትታል፤ ልጅ ሲሮጥበት ደግሞ ከእግሩ ወልቆ የት እንደሚገባ እግዜር ይወቅ። አዲስ ጫማ ለዚህ ቀን አይመረቅም። አማትሽ ግን ከዚህ ይለያሉ። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ቢላጥ ወይ ቢቆረጥ ላይሰማው ይችላል፤ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። እሳቸው የለመዱትን ሽፍን ጫማ ያድርጉ፤ የእሳቸው ቅያሪ ካልሲ ሁለት ይሁን። ቦታቸውም ከኋላ፣ ጥላ ያለበት ይሁን። ከላይ ሆኖ ትርኢቱ እንዲያውም ይበልጥ ያምራል፤ ኦርካው ከውሃው በታች ሲመጣ ይታያል።

አሁን ወደ ስልኩ፤ ባለቤትሽ ይስማ። ስልኩ «ውሃ አይገባውም፣ አይ ፒ 68 ነው» ሊል ይችላል። ያ ደረጃ የሚለካው በንጹሕ ውሃ ነው እንጂ በጨው ውሃ አይደለም። ጨው ቻርጅ ማድረጊያው ቀዳዳ ውስጥ ደርቆ ብረቱን ይበላዋል። ስልኩ ዚፕ ባለው ስስ ላስቲክ ውስጥ ይግባ፤ በላስቲኩ ላይ እየነካካችሁ ፎቶ ማንሳት ትችላላችሁ። ውሃ የሚችል ስልክ ጨው ውሃ ከነካው በንጹሕ ውሃ ባረጠባችሁት ጨርቅ ጥረጉት፣ አድርቁት፤ ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቻርጀር አይሰካ። ትኬቱን ስክሪንሾት አድርጉት፤ በር ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ሰልፉ ሁሉ ወደ እናንተ ያያል። ፓወር ባንክ አንድ ይበቃል።

በሩ ላይ ደግሞ ገና ሳትበታተኑ ሁለቱን ልጆች ከነልብሳቸው ፎቶ አንሺያቸው። ልጅ የጠፋበት ወላጅ ደንግጦ የሸሚዙን ቀለም እንኳ ይረሳል። «ሰማያዊ... አይ አረንጓዴ...» እያሉ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ፎቶው ካለ ሠራተኛው በአንድ ደቂቃ ለባልደረቦቹ ይልከዋል። ስልክ ቁጥርሽንም በማይለቅ ማርከር የትንሿ ክንድ ላይ ጻፊው። ወረቀት ላይ ጽፈሽ ኪሷ ከከተትሽው ከትርኢቱ በኋላ የሚገኘው ሊጥ ነው።

ወደ ፀሐይ መከላከያ ቅባቱ እንሂድ። እዚህ ላይ ሰው ሁለት ስህተት ይሠራል፤ አንድም ይረሳዋል፣ አንድም ይቆጥበዋል። ኤስ ፒ ኤፍ (የቅባቱ የመከላከል አቅም መለኪያ) 30 የሚለው ከሚያቃጥለው ጨረር 97 ከመቶ ያህሉን ያግዳል፤ 50 የሚለው 98 ከመቶ። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ከመጠኑ ነው። አንድ አዋቂ ሰው መላ ሰውነቱን በደንብ ለመቀባት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ይፈልጋል። እናንተ ፊት፣ አንገት፣ ክንድና እግር ብቻ ብትቀቡ እንኳ ትንሿ የ50 ሚሊ ሊትር ቱቦ ለአምስት ሰው ቀኑን ሙሉ አትደርስም። በየ2 ሰዓቱ ይደገማል፤ ውሃ ከተረጨባችሁ ወይም በፎጣ ከተጠራረጋችሁ ደግሞ ወዲያው። የጆሮ ጫፍና የእግር ጀርባ አይረሳ። «ሰማዩ ደመና ነው» አትበዪ፤ ስስ ደመና እስከ 80 ከመቶ የሚሆነውን ጨረር ያሳልፋል። «ቆዳችን ጥቁር ነው» የሚለውንም ተዪው። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል፤ ቶሎ ስለማይቀላ ብቻ ሳይታወቅ ይቆያል።

ለልጆቹ ግን ከቅባቱ ይልቅ እጀ ረጅም የዋና ሸሚዝ እመርጣለሁ። አይታጠብም፣ አይረሳም። ቅባቱንም የመጀመሪያውን ዙር ቤት ሆናችሁ ጨርሱት። ስቲንግሬይ ገንዳ ዳር ቆሞ ልጁን የሚቀባ ወላጅ ሳይ አንጀቴ ይቃጠላል፤ ያ ሁሉ ቅባት ከደቂቃ በኋላ ውሃው ውስጥ ነው። ነገሩ ቀላል አይደለም። ሃዋይ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የሚባሉ ኬሚካሎች ያለባቸው ቅባቶች ኮራልን ይጎዳሉ ብላ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጡ ከልክላለች። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን ፈልጊ፤ የሚረጨውን ዓይነት ቤት ተዪው።

ኮፍያ በአገጭ ሥር የሚታሰር ክር ይኑረው። መነጽርም ከአንገት የሚያያዝ ገመድ ይኑረው። ይሄ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ይወስደናል፤ ውሃ ውስጥ ቢወድቅስ?

ዶልፊን አያላምጥም። ዓሣውን እንዳለ ይውጠዋል። ገንዳው ውስጥ የገባ አዲስ ነገር ደግሞ መጫወቻው ነው፤ በአፉ ይነካዋል፣ ይይዘዋል፣ አንዳንዴም ይውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ቻይና ውስጥ ፉሹን በምትባል ከተማ ሁለት ዶልፊኖች ከገንዳቸው ዳር የላስቲክ ቁርጥራጭ ዋጡ። ሐኪሞቹ በመሣሪያ ቢሞክሩ አልሆነም። በመጨረሻ የተጠራው ባኦ ሺሹን ነበር፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ36 ሳንቲም፣ ያን ጊዜ የዓለም ረጅሙ ሰው ተብሎ የተመዘገበ። የዶልፊኖቹ አፍ በፎጣ ተይዞ፣ ከ1 ሜትር በላይ የሚረዝመውን ክንዱን እስከ ሆዳቸው አስገብቶ ላስቲኩን አወጣው። ዶልፊኖቹ ተረፉ። ግን እንዲህ ያለ ክንድ ያለው ሰው በየፓርኩ የለም።

ሌላኛዋ አልተረፈችም። እ.ኤ.አ. በ2017 ታይላንድ ውስጥ ከአንዲት የባሕር ኤሊ ሆድ 915 ሳንቲሞች በቀዶ ጥገና ወጡ። ክብደታቸው 5 ኪሎ ገደማ ነበር። ሰዎች መልካም ዕድል እንዲገጥማቸው ብለው የወረወሯቸው ናቸው። ኤሊዋ ከቀዶ ጥገናው ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይታ ሞተች። ልጅሽ 9 ዓመቱ ነው፤ ይህን ታሪክ በመኪናው ውስጥ ንገሪው። ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ የሌላ ሰው ሳንቲም ጠባቂ ይሆናል፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከማንም የበለጠ ኮስታራ ዘበኛ ነው።

ስለዚህ ከቦርሳሽ አውጪያቸው፦ ፊኛ፣ ስትሮ፣ ማስቲካ፣ ትንንሽ መጫወቻዎች፣ የጠርሙስ ዕቃ በሙሉ። ብዙ ፓርክ ስትሮና የመጠጥ ክዳን የማይሰጠው ንፉግ ሆኖ አይደለም። የትንሿን የፀጉር ቢራቢሮ ቤት አስቀምጪው፤ በላስቲክ ማስያዣ እሰሪያት። አንድ ቀን እንዲህ ያለ ቢራቢሮ ገንዳ ውስጥ ወደቀ። አያትየዋ ወዲያው እየሮጡ መጥተው ነገሩን። ጠላቂ ገብቶ እስኪያወጣው ትርኢቱ ዘገየ፤ ሕዝቡ ተነጫነጨ፣ እሳቸው ተሸማቀቁ። እኛ ግን እጃቸውን ልንስም ምንም አልቀረን። የሚያስፈራን ጥሎ ዝም የሚል ሰው ነው። ምንም ነገር ከወደቀባችሁ ተናገሩ፤ ራሳችሁ ለማውጣት ግን እጃችሁን አትስደዱ።

የሚነካበት ገንዳ ጋ ስትደርሱ ቀለበት፣ አምባርና ሰዓት ይውለቅ። እሱን የምታስቀምጪበት ዚፕ ያለው ኪስ ይኑርሽ። ስቲንግሬይ ቆዳው ሙልጭልጭ ባለ ፈሳሽ የተሸፈነ ነው፤ ያ ፈሳሽ ከበሽታ ይጠብቀዋል፣ ቀለበት ደግሞ ይፍቀዋል። ከመንካታችሁ በፊት እጅና ክንዳችሁን በውሃ ተለቃለቁ፤ ቅባቱና የሳሙና ርዝራዡ ይሂድ። በሁለት ጣት፣ ከጀርባው ላይ፣ ቀስ ብሎ። መርዛማው እሾህ በእነዚህ ገንዳዎች ብዙ ጊዜ እንደ ጥፍር ይቆረጣል፤ እንደ ጥፍርም ተመልሶ ያድጋል። ጭራውን መያዝ ስለዚህ አይፈቀድም።

እጁ ላይ ክፍት ቁስል ያለበት ሰው ግን ባይነካ ይሻላል። በዓሣ ውሃ ውስጥ ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሚባል ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል፤ በቁስል ከገባ ከሳምንታት በኋላ የሚወጣ፣ አልድን የሚል እብጠት ያመጣል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። አማትሽ ግን ጣታቸውን እየወጉ ስኳራቸውን የሚለኩ ከሆነ ይህን ልብ በይ፤ እሳቸው ቆመው ይዩ። ውሃ የማያስገባ ፕላስተር ጥቂት ያዢ። ከነካችሁ በኋላ በሳሙናና በውሃ ታጠቡ። እርጥብ ሶፍት ለአፍንጫ ነው እንጂ ለዚህ አይሆንም።

የፔንግዊን ቤትስ? ብዙ ሰው ያልጠበቀው ብርድ የሚጠብቀው እዚያ ነው። ለአንታርክቲካ ፔንግዊኖች የተሠራው ክፍል ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው የሚያዘው። አንዳንዱ ቦታ ጎብኚው በመስታወት ይለያል፤ አንዳንዱ ጋ ግን ብርዱን አብራችሁ ትካፈላላችሁ። ከኦርካው ትርኢት በረጠበ ልብስ ቀጥ ብሎ እዚያ የሚገባ ቤተሰብ በየቀኑ ነበር። ቅደም ተከተሉን ገልብጪው፤ ጠዋት ፔንግዊን፣ ከዚያ ስቲንግሬይ፣ ውሃ የሚረጭበት ትርኢት በመጨረሻ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ስስ ሹራብ በቂ ነው። የስልኩን ፍላሽ አጥፉት። እንስሳቱን ይረብሻል፤ በመስታወት ላይ ደግሞ የሚያነሳው የራሱን ብርሃን ነው። ሌንሱን መስታወቱ ላይ አስጠግታችሁ ብታነሱ ይሻላል።

ትንሿ ድምፅ የምትፈራ ከሆነ የጆሮ መከለያ ያዢላት። የትርኢት ድምፅ ማጉያ ምሕረት የለውም።

የአማትሽ ነገር አንድ ትንሽ ቦርሳ ለብቻው ይፈልጋል። እሱ ቦርሳ ሎከር አይገባም፣ መኪና ውስጥም አይቀርም፤ ሁለቱም በፀሐይ ምድጃ ይሆናሉ። ኢንሱሊን ሙቀት ያበላሸዋል፤ በረዶ ሆኖ ከቀዘቀዘም ይጣላል። ቅዝቃዜ በሚይዝ ትንሽ ከረጢት ይሁን፤ በረዶው ግን ጠርሙሱን በቀጥታ አይንካው፣ በመሐል ጨርቅ ይግባ። ስኳር መለኪያው፣ መርፌው፣ ያገለገለ መርፌ የሚገባበት ጠንካራ ዕቃ፤ ሁሉም እዚያው። ከሁሉ በላይ ቶሎ የሚወሰድ ስኳር ያዢ፤ ግሉኮስ ወይም ትንሽ ጁስ። ሙሉ ቀን በእግር መሄድ ስኳራቸውን ከለመዱት በታች ሊያወርደው ይችላል። ላብ ላብ ካላቸው፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ነገር ከተምታታባቸው ትርኢቱን ትታችሁ ለኩላቸው። የሐኪም ወረቀትም ካላቸው አይቅር፤ በር ላይ ምግብና መርፌ ሲታይ ንግግሩን ያሳጥራል። ዊልቸር የሚያከራይ ወይም የሚያውስ ፓርክ ብዙ ነው፤ ከዋዜማው ደውለሽ ጠይቂ።

ስለ ምግብ ረጅም የምለው የለኝም። ደንቡ ከፓርክ ፓርክ ይለያያል። አብዛኛው የራስሽን ውሃ ጠርሙስ ባልሆነ ዕቃ ያስገባል፤ ለሕክምና የሚያስፈልግ ምግብም እንዲሁ። ቀሪውን ደውለሽ እወቂ። ትልቅ ዣንጥላ፣ ድሮን፣ የሰልፊ ዱላና ላፕቶፕ ይቅሩ። አዎ፣ ላፕቶፕ ይዞ የመጣ ሰው አጋጥሞኛል።

ይህ ሁሉ ተደምሮ አንድ የጀርባ ቦርሳና የአማትሽ ትንሿ ቦርሳ ናት። ሁለቱን ትልልቅ ቦርሳዎችሽን ባዶ አድርገሽ አልጋው ላይ ተያቸው። የቀረ ደረቅ ልብስ ካለሽ በመኪናው ኋላ አስቀምጪው፤ መቀመጫው ላይ የሚነጠፍም ላስቲክ ጨምሪ፣ ጨው ውሃ የጠጣ ወንበር ሽታው አይለቅም።

የመኪናውን ቁልፍ ደግሞ ዚፕ ባለው ላስቲክ አድርገሽ አንቺው ያዢው። በሪሞት የሚከፈት ከሆነ አንድ ጊዜ ጨው ውሃ ከገባው ማታ 12 ሰዓት ላይ ፓርኪንጉ ውስጥ ቆማችሁ ትቀራላችሁ። ለባለቤትሽ አትስጪው። ፊተኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጠው እሱ ነው።